ድምፁን የቀደመው ምስል

«ማን ናት ደግሞ ይቺ?» አሉ አቶ ጎሳዬ፣ የያዙትን ካርታ ሳያስቀምጡ፣ በአገጫቸው ብቻ ወደ ድንኳኑ መግቢያ እየጠቆሙ።

ዝማሬ በረዶ ከተሞላው በርሜል ውሃ እየቀዳች ለለቀስተኛው ታድል ነበር። ቀና ብላ አየች። ጥቁር አባያ የለበሰች ቀጠን ያለች ሴት፣ ትንሽ የካርቶን ሳጥን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጫማዋን የት እንደምታወልቅ ግራ ገብቷት ቆማለች። ለወጉ ያለቀሰ ሰው ዓይን አለ፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ያለቀሰ ሰው ዓይን ደግሞ አለ። የዚህችኛዋ ሁለተኛው ነው። ዝማሬ ገና ማንነቷን ሳታውቅ ያንን ዓይን ጠላችው።

«የሥራ ባልደረባው ትሆናለች» አለች።

«የሥራ ባልደረባውማ አንቺ ነሽ። ልደቱ ስንት ባልደረባ ነበረው?»

«እንኩ ውሃ ይጠጡ፣ አቶ ጎሳዬ። አፍዎም ትንሽ ይረፍ።»

አቶ ጎሳዬ የእድሩ ሊቀመንበር ናቸው። በጅቡቲው ካርቲየ ሁለት ሰፈር ባለው ሐበሻ መካከል ለእሳቸው አፍ የሚመልስ የለም፤ ከዝማሬ በቀር። «ያንቺን ምላስ ሐዘን እንኳ አላደከመው» ብለው ሳቃቸውን ከውሃው ጋር ዋጡት።

ሴትየዋ ፍራሽ ላይ ወደተቀመጡት ወደ ሟቹ እናት፣ ወደ እትዬ ውብነሽ አለፈች። ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ፣ እማማ» አለች።

ዝማሬ እጅ ላይ ያለው ብርጭቆ ሞልቶ ፈሰሰ። መልኳን በሕይወቷ አይታው አታውቅም። ድምፅዋን ግን አወቀችው።

*

ልደቱ የሞተው ከባልባላ ሰፈር በሞተር ሳይክሉ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ከኋላ መጣበት። ይኸው ሰልስቱ ነው፤ ሰው አሁንም ይጎርፋል፤ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ልደቱ ያልቀረፀው የሐበሻ ሠርግና ክርስትና የለም።

ካሜራው የቆሻሻ ዕቃ ነበር። እትዬ ውብነሽ ሄሮን ሰፈር አንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ቤት ብዙ ዘመን ሠርተዋል። ፈረንሳዮቹ አገራቸው ሲገቡ የሚጣል ብለው ካወጡት መካከል መዳፍ የምታህል ካሜራና ከባድ ማሳያ ማሽን ነበሩ። ልጁ ያኔ ጎረምሳ ነው። «ሱፐር ዊት» ይባላል አሉት፤ ሱፐር የሚለውን ወደደው፣ «ዊት» ስምንት ማለት መሆኑን ግን አልጠየቀም። ጥቅሉ ፊልም ሦስት ደቂቃ ብቻ ይቀርፃል፤ ከዚያ ለእጥበት ፈረንሳይ ሄዶ፣ ሰው ተለምኖበት፣ ስንት ወር ቆይቶ ይመለሳል። ሲመለስም ዲዳ ነው። ሙሽራዋ እልል ትላለች፣ አይሰማም። ባሕሩ ድንጋዩን ይመታል፣ አይሰማም።

አንድ ቀን ይህን ዲዳ ተሸክሞ ቡላኦስ ገበያ ዳር ዝማሬ ስልክ ከምትጠግንባት ሱቅ መጣ። ዝማሬን ያስተማራት የለም። አሥረኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርቱ እሷን ሳይሆን እሷ ትምህርቱን ሰለቸችው፤ የቀረውን ያስተማራት ካቻቢቴ ነው። ያልፈታችው ዕቃ፣ ፈትታም ያልመለሰችው የለም። ድምፅ መቅጃ ነበራት፤ እንዳይጠፋባት ወገቡን በቀይ ፕላስተር ጠቅልላዋለች።

«ይሄ ነገር መናገር ይችላል?» አላት ጥቅሉን እያሳያት።

«እሱማ አይችልም። እኔ ከአጠገቡ ሆኜ እናገርለታለሁ።»

እንዲህ ጀመሩ። እሱ ይቀርፃል፣ እሷ ድምፁን ለብቻ ትቀዳለች። ሲጀምሩ አንዱ ካሜራው ፊት ያጨበጭባል። በኋላ ሁለቱ መዳፎች የሚገጥሙበትን ምስል «ጯ» ካለው ድምፅ ጋር ማስተካከል ነው። በወሬ ቀላል ነው። የጅቡቲ ሙቀት ግን ባትሪ ያደክማል፤ ባትሪው ሲደክም ካሜራው ይጎተታል፤ ተጎትቶ የቀረፀውን ደግሞ ማሳያው በራሱ ፍጥነት ሲያሳየው ምስሉ ይቸኩላል። ቄሱ ባርከው ይቀመጣሉ፤ ቡራኬያቸው ገና ይመጣል። ሰው ስቆ አፉን ይዘጋል፤ ሳቁ በባዶ ፊት ላይ ይሰማል።

መድኃኒቱን ያገኘችው እሷ ናት። ማሳያው ጎን ላይ ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከር ትንሽ ጎማ አለ። አውራ ጣትን ቀስ አድርጎ ጎማው ላይ ማሳረፍ፤ ምስሉ ድምፁን እስኪጠብቀው መያዝ፤ መልቀቅ፤ እንደገና መያዝ። የቆዳ ሥራ ነው፤ ጣት ይልጣል። ልክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ በምትጨበጨበው ሁለተኛ ጭብጨባ ነው። ያቺ ጭብጨባ ከገጠመች መንገዱ ሁሉ ገጥሟል።

ለዚህ ነው ልደቱ ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚዞረው። ዝማሬ መቅጃዋን ይዛ የምትቆመው በግራው ነው። «ዝማሬ፣ አለሽ?» ይላል። «አለሁ!» ትላለች። ያጨበጭባል። ያቺን «አለሽ?» የምትሰማበት ጆሮ የባለሙያ ጆሮ ብቻ እንዳልነበረ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለእሱ ጭራሽ።

*

ሴትየዋ የያዘችውን ሳጥን ለእትዬ ውብነሽ ካስረከበች በኋላ ዝማሬን ጓሮ ድረስ ተከትላ መጣች። ዝማሬ ብርጭቆ ታጥብ ነበር።

«ዝማሬ አንቺ ነሽ?»

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ። ሁልጊዜ ስላንቺ ያወራል።»

«ስላንቺ ግን አውርቶልኝ አያውቅም» አለች ዝማሬ፣ የታጠበውን ብርጭቆ መልሳ እያጠበች።

ሴትየዋ ይህን እንዳልሰማች አለፈችው። «ሙኒራ እባላለሁ። ወደብ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥቅል ፊልም ነው። ፈረንሳይ ታጥቦ ትናንት ደረሰ። በእሱ አድራሻ ሳይሆን በእኔ ነበር የላክነው።»

«ነበር የላክነው» የሚለው የዝማሬን ቆሽት አሳረረው። ላክሁለት አላለችም፤ ላከ አላለችም፤ ላክነው።

«እሱ ራሱ አለበት» አለች ሙኒራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ማሳያው ማሽን ለጥገና አንቺ ጋር ነው ብሎኝ ነበር።»

«ቀበቶው ተበጥሷል።»

«አይጠገንም?»

«ዕቃው ከፈረንሳይ ነው የሚመጣው።»

ውሸቷን ነበር። ቀበቶውን ከውሃ ፓምፕ ባወጣችው ላስቲክ ከተካችው ቆይቷል፤ ማሽኑ ሱቋ ውስጥ በፎጣ ተሸፍኖ እንደ ሰዓት ይሠራል።

ከውሸቷ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ከስልኳ ሽፋን ሥር የተደበቀች፣ የጥፍር ያህል የምትሆን የመቅጃ ካርድ። ከወራት በፊት ልደቱ መቅጃውን ሊዋሳት መጣ። «ለቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው» አላት። ሰጠችው። ሲመልስላት የቀዳውን ማጥፋት ረስቶ ነበር። ከፍታ ሰማች። መጀመሪያ ነፋስ። መቅጃው የነፋስ መከላከያውን ሳይለብስ ነው የተቀመጠው፤ ዝማሬ ከቅናቷ በፊት የተናደደችው በዚህ ነው፤ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው እንዲህ የሚቀዳ? ቀጥሎ ባሕር። ቀጥሎ አንዲት ሴት «ዛሬ አንተ ከፊት ነህ፣ እኔ ከኋላ» ስትል። ቀጥሎ የልደቱ ሳቅ።

ያንን ሳቅ አታውቀውም ነበር። የልደቱን ሳቅ ሁሉ አውቃለሁ፣ ቀድቼዋለሁ፣ ቆርጬ ቀጥዬዋለሁ ስትል የኖረች ሴት፣ አንድ የማታውቀው ሳቅ ቀርቷት ኖሯል። እዚያ ላይ አጠፋችው። ቀሪውን አልሰማችም። ካርዱን አወጣች፤ በማግስቱ ልደቱ ለአንድ ክርስትና ሲጠራት «ሥራ በዝቶብኛል፤ የሚያጨበጭብልህ ፈልግ» አለችው። እሱም አልገባውም። ወንድ ልጅ መቼ ይገባዋል?

*

የሐዘን ቤት ቀን ቀንን ሲወልድ እናት አንድ ነገር ትይዛለች። እትዬ ውብነሽ የያዙት ይህን ነው፤ ልጄ ሲንቀሳቀስ አሳዩኝ።

«ፎቶውማ ይኸው» ይላሉ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ የከበበውን እያሳዩ። «ፎቶ ግን ዝም ብሎ ያያል። ልጄ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?»

ለለቀስተኛው ሁሉ ስልክህን ፈትሽ ተባለ። ተፈተሸ። በአንዱ ቪዲዮ ክርኑ ተገኘ። በሌላው ጀርባው። የአቶ ጎሳዬ ልጅ ሠርግ ላይ ግማሽ ጆሮ።

«የአገሩን ጥርስ ሁሉ ቀርፆ» አሉ አቶ ጎሳዬ፣ «የራሱን አንዲት ጥርስ ሳያስቀር ሄደ። ስልክ በየኪሱ በሞላበት ዘመን ከቆሻሻ ካሜራ ጋር ሲታገል…» ሊቀጥሉ ብለው የእትዬ ውብነሽን ፊት ሲያዩ ተዉት።

ከዚያ በኋላ ነው እትዬ ውብነሽ ዝማሬን ወደ ፍራሻቸው የጠሯት። ሳጥኑ ጭናቸው ላይ ነበር።

«ዝማሬዬ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል አለችኝ ያቺ ልጅ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አንቺ እጅ ላይ የተበላሸ ነገር አድሮ ያውቃል?»

ዝማሬ የሳጥኑን ክዳን በጣቷ ተጫነች። እትዬ ውብነሽ አልተቆጡም፤ ለአቶ ጎሳዬ ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ የእሷን እጅ ግን ያዙ።

«ነገ አመጣዋለሁ» አለች።

*

ያሳዩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ በሰባተኛው ቀን መታሰቢያው ዋዜማ። ጫቱ ከኢትዮጵያ ገብቶ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ከተማው ጋደም በሚልበት፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ በማይነሳበት ሰዓት። የውስጠኛው ክፍል መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፈነ፤ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተቸነከረ። ማራገቢያው አንሶላውን ስለሚያውለበልበው ጠፋ። ሙቀቱ የሰው እስትንፋስ ሆኖ ፊት ላይ ቆመ። እትዬ ውብነሽ፣ ሙኒራ፣ ዝማሬ፤ አቶ ጎሳዬ ደግሞ «እድሩን ወክዬ» ብለው ገቡ።

ዝማሬ ጥቅሉን ለማሽኑ አጎረሰች። ያሰበችው ይህን ነበር፦ ምስሉን አሳያለሁ፣ እናቱ ያያሉ፣ አበቃ። ድምፅ እንዳለ ማን ያውቃል? ከእኔና ከዚህች በቀር።

ማሽኑ ተንኮሻኮሸ። አንሶላው ላይ ብርሃን፣ ከዚያ ባሕር፣ ከዚያ ልደቱ።

እትዬ ውብነሽ አልጮሁም። ሁሉም ይጮሃሉ ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። እሳቸው ግን አንድ እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ ሊሻገር እንደሚል ሰው፣ እንደዚያው ቀሩ።

ልደቱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። ያጨበጭባል፤ አይሰማም። ይስቃል፤ አይሰማም። ፎጣ አንስቶ ጭንቅላቱ ላይ ይከናነባል፤ ጣቱን ቀስሮ አንድ የማይታይ ሰው ይቆጣል።

«ያቺ ቀይ ነገር ምንድን ናት? ከድንጋዩ ሥር ያለችው» አሉ አቶ ጎሳዬ።

ዝማሬ አየቻት። የራሷ መቅጃ ናት፤ በቀይ ፕላስተሯ፣ ያለ ነፋስ መከላከያዋ። «ቆርቆሮ ናት» አለች። ሙኒራ ቀስ ብላ ዞር አለችና አየቻት።

መጨረሻው ላይ ልደቱ ወደ ግራ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ ፊቱ ተለወጠ፤ እንደ አፈረ ሰው ፈገግ ብሎ አጨበጨበ። አንሶላው ነጣ።

«እንዴት ነው የሚያየው» አሉ እትዬ ውብነሽ። «ካሜራውን የያዘው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

እናት ሙኒራን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «እንዲህ ሲያይ አይቼው አላውቅም» አሉ። ስድብ አልነበረም፤ ምርቃትም አልነበረም። ዝማሬ ግን በሁለቱም መካከል ተቃጠለች። «ምን እያለ ነው ታዲያ? ማንን ነው የሚቆጣው?»

አሁን፣ አለች ዝማሬ በሆዷ። አሁን ትናገራለች። ‹ድምፁ እሷ ጋር ነው› ትላለች፤ በእናቱ ፊት ሌባ እሆናለሁ።

«ረሳሁት፣ እማማ» አለች ሙኒራ።

*

ጓሮው ውስጥ፣ የድንኳኑ ጥላ በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ሙኒራን ያዘቻት።

«አልረሳሽም» አለቻት ዝማሬ።

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸሽ? ለእኔ ብለሽ ከሆነ ውለታሽን አልፈልግም።»

«ለአንቺ?» ሙኒራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ወላሂ፣ እንኳን ለአንቺ ልዋሽ፣ ስምሽን መስማት ራሱ ያንገሸግሸኝ ነበር። ዝማሬ እንዲህ ትላለች፣ ዝማሬ ይሄን እንዲህ ታደርገዋለች። ለባሕር ሄደን ዝማሬ። ሻይ ጠጥተን ዝማሬ። እስከ መጨረሻው ሰምተሽዋል የተቀዳውን?»

«ሳቁ ላይ አጠፋሁት።»

«እኔ ደግሞ ሳቁ ላይ ቢያልቅ በወደድኩ።»

ከድንኳኑ የካርታ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ተሸንፎ ይሳደባል፣ አንዱ «ለቅሶ ቤት ነው፣ ኧረ!» ይለዋል።

ዝማሬ የስልኳን ሽፋን ገለበጠች። ካርዷ በላብ ተጣብቃ ነበር። በጥፍሯ ላጠቻት። ብትውጣት እስካሁን ከአንጀቷ ወጥታ በተገላገለች፤ ከዚህች ሽፋን ሥር ግን ስንት ወር ወግታታለች።

«እናቱ ይስሙት» አለች። «ከዚያ በኋላ እንጠላላለን።»

«እሺ» አለች ሙኒራ።

*

ሁለተኛው ዙር ላይ ዝማሬ መቅጃውን ከአንዲት ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዛ ከእትዬ ውብነሽ እግር ሥር አኖረች። «እትዬ፣ ድምፅ አለው» አለች። «ዘግይቼ ነው ያመጣሁት።» ሌላ አላለችም፤ እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም።

የመጀመሪያዋን መዳፍ ጠበቀች። ጯ። ገጠመ።

«ዛሬ አንተ ከፊት ነህ፣ እኔ ከኋላ።» ሳቁ መጣ። ዝማሬ አውራ ጣቷ ጎማው ላይ ስለነበር ጆሮዋን መድፈን አልቻለችም። ሳቁን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ልኩን አወቀችው። የእሷ አልነበረም።

«ጣትሽን ከካሜራው ፊት አንሺ፣ ሙኒራ! እንዲህ አይደለም የሚያዘው። ቆይ፣ እናቴን ላሳይሽ።» ፎጣውን ተከናነበ፤ ጣቱን ቀሰረ፤ በቀጭን ድምፅ ጮኸ፦ «አንተ ልደቱ! ራስህን ሸፍን እንጂ! ፀሐይ እኮ ዘመድ የላትም! ውሃ ጠጣህ? አልጠጣህም! ዓይንህ ይናገራል!»

እትዬ ውብነሽ ሳቁ። ባለፉት ቀናት ከዚያ ቤት ያልወጣ ድምፅ ወጣ፤ ቤቱ ደነገጠ። «እኔን እኮ ነው!» አሉ አቶ ጎሳዬን በክርናቸው እየጎሸሙ። «እኔን ነው የሚቆጣው! ይሄ ባለጌ!» ሳቃቸው መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ግን ሳቅነቱን አልተወም።

ምስሉ መቸኮል የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ባትሪው ደክሞ ነበር ያኔ። የልደቱ ከንፈር ተዘግቶ ድምፁ ይቀጥላል። ዝማሬ ጎማውን ያዘችው። ጠንከር። ጎማው ጣቷን ላጠ፤ አልለቀቀችም። ከንፈሩ ቀስ አለ፤ ድምፁ ደረሰበት፤ አብረው ሄዱ፤ እንደገና አመለጣት፤ እንደገና ያዘችው።

ወደ ግራ ዞረ።

«ዝማሬ፣ አለሽ?»

አንሶላው ላይ ልደቱ ባዶውን ግራ ያያል፤ ስህተቱ ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ይወጣል። ከካሜራው ኋላ የሙኒራ ድምፅ መጣ፣ በስለት የተቆረጠ ያህል፦ «ዝማሬ የለችም። እኔ ነኝ ያለሁት።»

«አፉ በይኝ» አለ ልደቱ። «ልማድ ነው።»

ልማድ ነው። ዝማሬ ይህን ቃል በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ልታላምጠው ትችላለች፤ መራራ ይሁን ጣፋጭ ልትለይበት። አሁን ጊዜ አልነበራትም። ልደቱ እጆቹን ዘርግቷል። ምስሉ ሊቀድም ነው። በጣቷ ሙሉ ክብደት ተደገፈችበት፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ መዳፎቹ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ተቀራረቡ፣

ጯ።

ገጠመ።

የፊልሙ ጫፍ ጥቅሉን እየመታ ይዞራል። ነጩ ብርሃን አንሶላው ላይ ቆሟል። እትዬ ውብነሽ እንደገና ወደ ልጃቸው የዘረጉትን እጃቸውን አልሰበሰቡም። አቶ ጎሳዬ፣ ያ ሁሉ አፍ ያላቸው ሰው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ማሽኑን የሚያጠፋ አልተገኘም፤ ዝማሬ ጎማው ላይ እንደተደገፈች ናት፤ የሚያዝ ምስል ባይኖርም።

ሙኒራ ተነስታ ወጣች። ከበርሜሉ በረዶ ሲሰበር ተሰማ። ተመልሳ ከጎኗ ተቀመጠች፤ የዝማሬን እጅ ከጎማው ላይ አላቀቀች፤ የተላጠውን አውራ ጣት በመዳፏ ያዘችና በረዶውን አሳረፈችበት።

ዝማሬ ልትነጥቃት ነበር። እጇ ግን እዚያው ቀረ፤ በረዶው በሁለቱ ጣቶች መካከል ቀልጦ ወለሉ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ።